አጎዛዬን ትከሻዋ ላይ ጥላ የሄደች ሴት

ግዛቸው የባሌ የወንድም ልጅ፣ መድኃኒት ሻጭ ነው። የበደለኝም እሱ ነው። በደሉ የጀመረው ባሌ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ የተዝካሩ ድንኳን ገና ሳይፈርስ ነው። ጓዳዬ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ይህችን ማታ ማታ አንድ ይዋጡ፣ እንደ ሕፃን ይተኛሉ» ብሎ ክኒን በእጄ አስጨበጠኝ። ባለፈው ወር ደግሞ ዳባት ላይ፣ በሲስተር አዛለች መቃብር አጠገብ ቆሞ የሕይወት ታሪኳን ያነበበው እሱ ነው፤ የእድራችን ጸሐፊ ሆኗላ። «ሟች ከመድኃኒት ቤታችን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው አረጋውያንን ሲያገለግሉ የኖሩ እናት ነበሩ» አለ። ሰው አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ከአፌ ምን እንደሚወጣ ስላላወቅኩ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር።

እኔ በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ። ይህን ግን ራሴ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ሲስተር አዛለች ለቅሶው ላይ እንደተወራላት ለስላሳ ሰው አልነበረችም። ረጅም፣ ደረቅ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ክረምት ከበጋ ጥቁር ቦቲ ጫማ ታደርጋለች፤ የደባርቅ ጭቃ ደርቆ አቧራ በሚሆንበት በጥር ወር እንኳ አታወልቀውም። የወንድ ጃንጥላ ከእጇ አይለይም። በዚያ ጃንጥላ በር ታንኳኳለች፣ ውሻ ታባርራለች፣ የማይሰማትን ሰው ደረቱን ወጋ ታደርገዋለች። የዳባት ልጅ ናት፤ ደባርቅ ጤና ጣቢያ አርጅታ ጡረታ ከወጣች በኋላም ቁስል ለማጠብ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። በሰው ቤት እህል አትቀምስም። ቅመሺ ሲሏት «ልበላ መጣሁ እንዴ?» ትላለች። በሽታህን ስትነግራት ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማህ፤ ያንቀላፋች ይመስልሃል። ስትጨርስ ዓይኗን ትገልጥና «እሺ፣ አሁን ደግሞ እውነቱን» ትላለች።

እኔም አልወደድኳትም። አብረን በቆየንበት ጊዜ የሰደብኳትና ያልሰደብኳት ቀን ቢቆጠር የሚያንሰው ሁለተኛው ነው።

ባሌ የሞተው ጦርነቱ አፍንጫችን ሥር በደረሰበት ዓመት ነው። ያኔ ደባርቅ ውስጥ በሰላም የሚተኛ ሽማግሌ አልነበረም። ግዛቸው መድኃኒት ቤት ከከፈተ ብዙ አልቆየም ነበር፤ እንቅልፍ አጣሁ ላለ ሁሉ ያችን ክኒን ይሰጣል። የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ፣ አልዋሽም፣ ተኛሁ። እያደር አንዷ አልሠራ አለችኝ። «ሁለት ያድርጓት» አለኝ፤ ሁለት አደረግኳት። ከዚያ እንቅልፌ ወደ ቀን ዞረ። ጠዋት ራሴ እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። ጸሐይ ልሙቅ ብዬ በሬ ላይ አጎዛ አንጥፌ ስቀመጥ እዚያው እንቅልፍ ይዞኝ ክልትው እላለሁ። ማታ ዓይኔ አልከደን ይላል፤ ክኒን እጨምራለሁ።

የሰው ስም ይጠፋኝ ጀመር። እድር ስብሰባ ላይ «ባሌ እስኪመጣ ጠብቁ» አልኩ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው መሬት መሬት አየ። ድስት እሳት ላይ ጥጄ ወጣሁና ጎረቤት በጭሱ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬ ከዳኝ፣ ድንጋይ ላይ ወድቄ ቅልጥሜ ተላጠ።

ግዛቸው ይህን ሁሉ ያያል። ምን አደረገ? ጎንደር ላለው ልጄ ለሀብታሙ ደወለ። «እትዬ ጃጅተዋል። ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ወስደህ አንተ ዘንድ አሳርፋቸው፤ ቤቱን እኔ እየጠበቅሁ እሠራበታለሁ።» ቤቴ አስፓልቱ ዳር፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። የእሱ መድኃኒት ቤት ቁልቁል ጭቃ ሰፈር ውስጥ ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያደነዘዘኝ ሰው ደነዘዘች ብሎ መሰከረብኝ። እኔ ደግሞ የምመልስለት ቃል ይጠፋኛል፤ ቃል በጠፋኝ ቁጥር እሱ እውነተኛ ይሆናል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሲስተር አዛለች የመጣችው ለቅልጥሜ ቁስል ነበር። በሬን በጃንጥላዋ መታች። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እንዴት ዋሉ? እግርዎን ያሳዩኝ» አለች፣ በክብር። ቁስሉን እያጠበች ጠየቀችኝ።

«እንዴት ወደቁ?»

«ድንጋይ አደናቅፎኝ።»

«ዕድሜዎን ሙሉ የሚያልፉበት መንገድ ነው። ድንጋዩ ትናንት በቀለ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የደም ግፊት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ተነሳች፤ ሳታስፈቅደኝ ወደ አልጋዬ ሄዳ ትራሴን ገለበጠችው። ክኒኑን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጽሑፉን አነበበች።

«አንቺ!» አለች። እርስዎ መባሌ ያን ዕለት አበቃ፤ እስክትሞት አልተመለሰም።

«ማንን ነው አንቺ የምትዪው? በዕድሜ እበልጥሻለሁ!»

«ትበልጪኛለሽ። ለዚህ ነው ይሄ ክኒን ቶሎ የሚጥልሽ። ማን ሰጠሽ?»

«የባሌ የወንድም ልጅ።»

«ለእናቱም ይሰጣታል?»

የግዛቸው እናት እንቅልፍ አጣሁ እያለች ስታማርር ዓመታት ሰምቻታለሁ። ክኒን ስትውጥ ግን አይቻት አላውቅም። አንድ ቀን እንዲያውም «ልጄ አይሆንሽም ብሎ ከለከለኝ» ስትል ሰምቼ ምንም ሳይመስለኝ አልፌው ነበር።

«አይሰጣትም» አልኩ።

«እህ» አለች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አምጪው፣ አሁኑኑ ሽንት ቤት እጨምረዋለሁ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጃንጥላዋን በመካከላችን አስገባች።

«አይሆንም። ይሄ በአንድ ቀን አይተውም። በድንገት ብትተዪው መሬት ላይ ያንፈራግጥሻል። ሆስፒታል ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ እሱ በሚለው መጠን ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን። አንድ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።» በሩ ላይ የተነጠፈውን አጎዛዬን አየችው። ጎንበስ ብላ ጠቀለለችው፣ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። «ቀን አትተኚም።»

«ሌባ! አጎዛዬን! የሰው ያለህ!»

ዞር አላለችም። ቦቲ ጫማዋን እያንኳኳች አስፓልቱን ስትሻገር ባጃጅ ነጂው «ሲስተር፣ በግ አረዱልሽ እንዴ?» አላት።

«አዎ፣ እንቅልፋም በግ» አለችው። መናኸሪያው ሙሉ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ የሚቀነስበትን ቀን በወረቀት ጻፈልኝ። እኔ ቀን የሚጠፋብኝ ሴት ነበርኩ። ሲስተር አዛለች ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ማርያምን ትረሻታለሽ?» አለችኝ። ማርያምን እንዴት እረሳለሁ! «እንግዲያው በየወሩ ማርያም ስትደርስ ከክኒኑ ትንሽ እንቆርጣለን። ከከበደሽ በዚያው መጠን እስከሚቀጥለው ማርያም ትቆያለሽ። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም።» ማርያም በመጣች ቁጥር ከቅዳሴ መልስ ትመጣለች፣ ክኒኑን ሳህን ላይ አድርጋ በምላጭ ትቆርጠዋለች። ለሌሎቹም ሽማግሌዎች እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ለአንዱ በሚካኤል፣ ለአንዷ በአማኑኤል፣ ማን የትኛውን ማኅበር እንደሚጠጣ አጥንታ።

እየቀነስን ሳለ ዐቢይ ጾም ደረሰ። ለነፍስ አባቴ ክኒኑ እንደተጣባኝ ተናግሬ ነበር። እሳቸውም በቅን ልቦና «ከሥጋው ከቅቤው ጋር አብረሽ ተዪው፣ ጾሙ ያግዝሻል» አሉኝ። እኛ ጾም የምንገባው እንደዚያ ነው። በቅበላ ዕለት የተረፈው ሥጋ ያልቃል፣ ዕቃው ይታጠባል፣ በማግስቱ የለም። ዛሬ ግማሽ ቅቤ ነገ ሩብ ቅቤ የሚባል ጾም አላውቅም። ክኒኑንም እንደዚያው ከዕቃው ጋር አጥቤ አስወጣሁት። የነፍስ አባት ቃል ከነርስ ቃል ይበልጥብኛል፤ ያኔም ዛሬም።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግንቡ ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረኝ ሰው ነው። ወድቄ ተንፈራገጥኩ፣ አረፋ ደፈቅኩ። ሴቶቹ ለክፏት ነው ብለው ጠበል ረጩብኝ። ግዛቸው ደረሰና በሕዝብ ፊት «አላልኳችሁም? አእምሯቸው አልቋል» አለ። መድኃኒት ሻጭ ነው። ክኒኑን በድንገት የተወ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። አንዲት ቃል ብትወጣው ሰው በጊዜ ሆስፒታል ያደርሰኝ ነበር። አልወጣውም። ባጃጅ አስቁማ በሰው አስይዛ ሆስፒታል ያደረሰችኝ ሲስተር አዛለች ናት።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ክንዴን ይዛ በቀጥታ የነፍስ አባቴ ቤት ወሰደችኝ። መስቀል ተሳለመች፣ ጉልበት ሳመች፣ ቀና አለችና «አባቴ፣ ይህችን ሴት ሊገድሏት ነበር» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔ? እግዚኦ! ምን አድርጌ?»

«ቅቤ የተወ ሰው ይርበዋል እንጂ አይንፈራገጥም። ይሄ ክኒን ግን ደሟ ውስጥ ዓመታት ከርሟል። ጾም አይደለም፣ በአንድ ቀን አይገባበትም።»

«አላወቅሁም፣ ልጄ።»

«አለማወቅዎን አውቃለሁ። አሁን ግን አወቁ። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የሚመጣልዎትን ሁሉ ወደ እኔ ይላኩልኝ።»

አባታችን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ «አንደበትሽ እሬት ነው» አሏት።

«እሬት ይጠጣል እኮ፣ አባቴ።»

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን ሁሉ ወደ እሷ ይልኩ ነበር። በእሳቸው አልቀየምም፤ ሳያውቁ ነው። አውቆ ዝም ያለው ሌላ ነው።

እንደገና ጀመርን፣ ከበፊቱም ቀስ ብለን። እነዚያ ወራት መራራ ነበሩ። ረፋዱ ላይ፣ ዓይኔ ሊከደን ሲል፣ ጃንጥላው በሩን ይመታል። «ተነሺ! እስከ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደርሰን እንመለሳለን።» ዳገቱን ስወጣ እረግማታለሁ፤ እሷ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። «አልተኛሁም» ስላት «እኔስ የተኛሁ መሰለሽ?» ትለኛለች። «ካልመጣልሽ አልጋው ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺና ጥጥ ፍተዪ፤ እንቅልፍ ሲያዳፋሽ ተመለሺ። ጠዋት ግን ተኛሽም አልተኛሽም ከሰው እኩል ትነሻለሽ።» እንደ ጅራፍ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልሆነለትም። አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ሩብ ክኒን ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ እምቢ አለው። ይዘልፈኛል ብሎ ሲጠብቅ «ይሄም ከሙሉው ይሻላል፣ ሌላ ጊዜ እንሞክራለን» ብላ ተወችው። ለእኔ ግን እንዲህ ያለ ቃል ወጥቷት አያውቅም።

ስለ እኔ የሚመክረው ጉባኤ ከፋሲካ በኋላ ተቀጠረ። ሀብታሙ ከጎንደር ሊመጣ፣ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ሊቀመጡ። ጃጅታለች ካሉ ሻንጣዬ ይታሰራል፣ ቁልፌ ለግዛቸው ይሰጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ግዛቸው ራሱ መጣ። ልብ በሉ፣ ክኒኑን መተዌን ያውቃል፣ ስወድቅም አይቶኛል። «እትዬ፣ ለምን ይሰቃያሉ? የበዓል ሰሞን እንኳ ይረፉ» ብሎ አንድ እሽግ ክኒን መስኮቴ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ለጉባኤው ደንዝዤ እንድቀርብ ነው። አልነካሁትም። አልጣልኩትምም።

በዕለቱ ሳሎኔ ሞላ። ሲስተር አዛለችን የጠራት አልነበረም፤ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ግዛቸው ድምፁን አለስልሶ፣ ሕፃን እንደሚያናግር ሰው፣ «እትዬ፣ ዛሬ ማን ማን እንደመጣ ያውቃሉ?» አለኝ።

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ከነአባታቸው ጠራሁ። የአንደኛውን አያት ከጃናሞራ መቼ እንደመጡም ጨመርኩ። ልጄን «አንተ ሀብታሙ ነህ፣ ሳትጠይቀኝ በእኔ ጉዳይ ሰው የሰበሰብክ» አልኩት። ከዚያ እሽጉን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «አንተ ደግሞ ግዛቸው ነህ። ሐሙስ ዕለት ይህን መስኮቴ ላይ ያስቀመጥክ።»

ሀብታሙ አነሳው። «ይሄ ምንድነው? ሐኪም አዞላቸው ነው?»

«ጠይቀውኝ ነው» አለ ግዛቸው።

ያኔ ሲስተር አዛለች ከበሩ ሳትንቀሳቀስ «ለእናትህም ትሰጣታለህ?» አለችው።

ግዛቸው ወንበሩን አስተካክሎ ወደ ልጄ ዞረ።

ትልቁ ሽማግሌ «ተጠየቅህ እኮ፣ መልስ እንጂ» አሉት።

«ለእናቴ... ለእሷ አይስማማትም» አለ።

ሀብታሙ እሽጉን መልሶ ግዛቸው ፊት አስቀመጠው። ቤቴ ቤቴ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩን እዚያ አላቆሙትም፤ ዘመድ ነውና ታረቁ አሉ። ግዛቸው ጉልበቴን ሳመ። ይቅር በዪ አሉኝ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። አጥፍተሃል ያለው አንድም ሰው የለም። መድኃኒት ቤቱን አንድ ቀን አልዘጋም፤ ክኒኑንም መሸጡን አልተወም። ኋላም አንደበተ ርቱዕ ነው ብለው የእድሩ ጸሐፊ አደረጉት። ሲስተር አዛለች ግን ምርቃቱን ሳትጠብቅ ወጣች። ከኋላዋ ብጠራት «እኔን ማንም አላስታረቀኝም» ብላ ሄደች።

የመጨረሻዋ ቁራሽ ያለቀችው በኅዳር ጽዮን ነው። ብዙ መጥፎ ሰሞን ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ስነቃ የጎንደር አውቶቡሶች ሁሉ ሄደው መናኸሪያው ጭር ብሏል። ጡሩንባቸውን አልሰማሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ ነገርኳት።

«ታዲያ?» አለችኝ። «ነገ ላትተኚ ትችያለሽ። ከነገ ወዲያ ትተኚያለሽ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

«አጎዛዬን መልሺልኛ።»

«ስትሞቺ እመልስልሻለሁ።»

ቀድማኝ ሞተች። ዳባት የእህቷን ልጅ ልትጠይቅ ሄዳ፣ ሳትታመም፣ ሳታስቸግር። ግዛቸው ያን ያነበበውን አንብቦ ሰው ወደ ለቅሶው ቤት ሲመለስ የእህቷ ልጅ ጠጋ አለችኝና «እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከጓዳ የተጠቀለለ አጎዛ አመጣች። «ወደዚህ ስትመጣ ይዛው መጣች። ብል እንዳይበላው ጸሐይ ታሰጣዋለች። የሰው ነው፣ ማንም እንዳይተኛበት ትለን ነበር» አለችኝ። ተቀብያት በአውቶቡስ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። አጎዛዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ጭቃ ሰፈር ወረድኩ። የግዛቸው መድኃኒት ቤት በር ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው? እባክዎን ይነሱ፣ ሰው ያያል» አለኝ።

«ጸሐይ እየሞቅኩ ነው» አልኩት።

ከገጠር የመጣች አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ደረሰች። ምን ልትገዛ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ እንቅልፍ የሚያመጣውን አለችኝ። የጀመረችውን በድንገት እንዳትተወው፣ መጀመሪያ ሆስፒታል እንድትሄድ ነገርኳት። ከዚያ ለእናቱም ይሰጣት እንደሆነ እንድትጠይቀው ነገርኳት። ገብታ ጠየቀችው። ሳትገዛ ወጣች።

ገበያው እስኪበተን እዚያው ተቀምጬ ዋልኩ። አልተኛሁም። በሚቀጥለውም ገበያ ሄድኩ።